ኩንታል ሲቆጠር የማይቆጠረው

የባሌና የአርሲ ስንዴ አምራች የ2006 ዓ.ም. መኸርን የሚያስታውሰው በቀይ ዱቄት ነው። ጥቅምት ላይ ማሳው ገና አረንጓዴ ነበር። ዛላው መሙላት ጀምሯል፤ ገበሬው ከሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚያፍስ በልቡ አስልቷል፤ ለኮምባይነር ወረፋ የያዘም ነበር። ከዚያ አገዳው ላይ የተፈጨ ሸክላ የሚመስል ነጠብጣብ ብቅ አለ። ማሳው መሃል ገብቶ የወጣ ሰው ሱሪው ከጉልበቱ በታች ቀይ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል። አገዳውን በጣት ጠረግ ሲያደርጉት ዱቄቱ መዳፍ ላይ ይቀራል፤ ከሥሩ የተሰነጠቀው ልጥ ይታያል። በዚያ ስንጥቅ የተነሳ ውሃና ምግብ ወደ ዛላው መድረሱ ይቋረጣል፣ ፍሬውም ይጨማደዳል። ዛላውን በመዳፍ አሽተው እፍ ሲሉት ገለባውና ፍሬው አብረው ይበናሉ። ኮምባይነር መጥራት ትርጉም ያጣባቸው ማሳዎች ነበሩ።

በሽታው የግንድ ዋግ ነው፤ የተመታው ዝርያ ዲጋሉ። ዲጋሉ ያን ያህል መሬት እንዴት ሊሸፍን እንደቻለ ለመረዳት ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዝናቡ ሳያቋርጥ በሰነበተበት የ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን ዝርያዎች አጥቅቶ ነበር። ኩብሳ በወቅቱ በስፋት የሚዘራ፣ ጥሩ ምርት የሚሰጥ ስንዴ ነው። ሰፊ መሬት በእሱ ተሸፍኖ ስለነበር በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር የሚያቆመው አላገኘም። ተመራማሪዎችና የዘር ድርጅቶች ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲጋሉን በጥድፊያ አባዝተው አከፋፈሉ። ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቶ የስንዴውን ዓለም ያስጨነቀውን ዩጂ 99 የተባለ የግንድ ዋግም ዲጋሉ ይቋቋም ነበር። በዚያን ጊዜ ከእሱ የተሻለ ምርጫ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ኩብሳ በዲጋሉ ተተካ እንጂ ሰፊው መሬት በአንድ ዓይነት ዘር መሸፈኑ አልቀረም። ከዩጂ 99 ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ የግንድ ዋግ ሲመጣ ዲጋሉ የተመካበት ዘረመል ሊከላከልለት አልቻለም። ተመራማሪዎች ያንን የዋግ ዓይነት የዲጋሉ ዋግ እያሉ ይጠሩታል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት የዓለምን ምግብ ያበዙት መንገዶች ሁሉ የዚህ ዓይነት ጀርባ ስላላቸው ነው። ምርት በኩንታል ይመዘናል። ለዚያ ኩንታል የወጣው ውሃ፣ የተዳከመው አፈር፣ የጠፋው የዘር ዓይነት፣ የገበሬው ብድር ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። ሪፖርት ላይም አይገባም። ዕዳው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ ከምርቱ ያልተጠቀመ ሌላ ሰው ነው።

ኖርማን ቦርሎግ እ.ኤ.አ. በ1944 ሜክሲኮ ሲገባ የጠበቀው ችግር ይኸው የግንድ ዋግ ነበር። አሜሪካዊው የሰብል ተመራማሪ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራ ነበር፤ አንዱን በሰሜን በሚገኘው ሞቃታማው የሶኖራ ሜዳ፣ ሌላውን በቀዝቃዛው የቶሉካ ደጋ። ዘሩ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ዋግን ከመቋቋሙም በላይ የቀን መርዘምና ማጠር የማይገድበው ሆኖ ወጣ። ከሜክሲኮ ርቆ ሌላ አህጉር ላይ ሊበቅል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ችግር ቁመት ነበር። ስንዴ ማዳበሪያ ሲበዛለት ይረዝማል፣ ዛላው ይከብደዋል፣ ይጋሽባል። ጤፍ ዘርቶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ዩሪያ የበዛበት ጤፍ አንድ ሌሊት ነፋስና ዝናብ ካገኘው መሬት ላይ ተኝቶ ያድራል። የስንዴው መፍትሔ ከጃፓን መጣ። ኖሪን 10 የተባለው አጭር ስንዴ በአሜሪካ ተመራማሪዎች በኩል ቦርሎግ እጅ ገባ፤ ከሜክሲኮው ስንዴ ጋር ተዳቅሎም ማዳበሪያ በበዛለት ቁጥር ቁመቱን ትቶ ፍሬ የሚያበዛ ዝርያ ተገኘ። ጤፍ ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ መላ ሳያገኝ ቆይቷል። የዓለም ምርምር ገንዘብ ለስንዴ፣ ለሩዝና ለበቆሎ ሲፈስ ጤፍን የሚያስታውሰው ከራሱ አገር ተመራማሪዎች ሌላ ብዙም አልነበረም።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ከሜክሲኮ 18,000 ቶን የስንዴ ዘር አስገባች። በዚያ ሰሞን በተከታታይ ዓመታት ድርቅ ተመትታ ከአሜሪካ በመርከብ በሚመጣ እህል ትኖር ነበር። በ1965 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን የነበረው የስንዴ ምርቷ በ1970 ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በ1968 አጨዳ ጎተራው ሞልቶ ስለፈሰሰ ትምህርት ቤቶች ለጊዜው ተዘግተው የእህል መጋዘን ሆነዋል። ቦርሎግ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ስለ አረንጓዴው አብዮት ጉዳት የሚጽፍ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ መጀመሪያ ይህን መቀበል አለበት። ያ እህል ባይኖር ይሞት የነበረው ሕዝብ ስም የሌለው ቁጥር አይደለም፤ የ1966ን ረሃብ ቢሃር ውስጥ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

የዕዳው መዝገብ የሚነበበው የሕንድ ክልል በሆነችው ፑንጃብ ላይ ነው። ፑንጃብ የስንዴ አገር እንጂ የሩዝ አገር አልነበረችም። መንግሥት ሁለቱን እህሎች አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ እገዛለሁ ሲል ገበሬው በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ስንዴ ማፈራረቅ ያዘ። ሌላ ሰብል ቢዘራ ገዢው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ስንዴና ሩዝ ቢዘራ ያውቀዋል። ሩዙ የሚጠጣው ውሃ ከከርሰ ምድር ይቀዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ለእርሻ ፓምፕ የሚሆነው ኤሌክትሪክ በነፃ ተደረገ። መብራቱ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ገበሬ ፓምፑን መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አድርጎ ይተወዋል፤ መብራቱ ሌሊት ከመጣ ውሃው ሌሊቱን ሲፈስ ያድራል። ዛሬ ከፑንጃብ ምድር በየዓመቱ የሚቀዳው ውሃ በዝናብና በቦይ ከሚተካው አንድ እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ድሮ ከላይ ተቀምጦ ይስብ የነበረው ፓምፕ ውሃው ሲርቅበት ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ በሚሠራ ፓምፕ መተካት ነበረበት። ሰፊ መሬት ያለው ይህን ከኪሱ ከፈለ፤ ትንሹ ገበሬ ተበደረ። ጎረቤቱ በጠለቀ ቁጥር እሱም መጥለቅ ስላለበት ደግሞ ተበደረ።

የክልሉ መንግሥት ውሃውን ለማዳን እ.ኤ.አ. በ2009 ሕግ አወጣ። ሩዝ እንደኛ አቆጣጠር ከሰኔ 3 በፊት እንዳይተከል ተከለከለ፤ ሐሩሩ ሳይበርድ ማሳ ላይ የሚተኛ ውሃ በትነት ያልቃልና። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ተከላው ሲዘገይ አጨዳውም ዘገየ፤ ሩዙ በሚነሳበትና ስንዴው በሚዘራበት መካከል የቀረው ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ሆነ። ኮምባይነር ቆርጦት የሚሄደውን አገዳ በእጅ ለማንሳት ሠራተኛ ውድ ነው፣ ቀኑም አይበቃም። ስለዚህ ገበሬው ያቃጥለዋል። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ፑንጃብና ሃሪያና ላይ በሺህ የሚቆጠሩ እሳቶች ከሳተላይት ይታያሉ። በዚያ ወቅት ነፋሱ ስለሚረጋ ጭሱ ወደ ደልሂ ሄዶ ከተማዋ ላይ ይተኛል። ደልሂን የሚያፍናት ይህ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው፣ የፋብሪካውና የግንባታው አቧራ አለ። በእነዚያ ሳምንታት ግን የገለባው ጭስ ድርሻ ይገናል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ የሳንባ ሕመምተኞች ሆስፒታል ይሞላሉ። ውሃ ለማዳን የወጣ ሕግ ዕዳውን ከጉድጓዱ አውጥቶ ወደ አየሩ አዛወረው ማለት ነው። ማዕከላዊው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 የእህል ግብይቱን የሚለውጡ ሦስት ሕጎች ሲያጸድቅ የፑንጃብ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው የደልሂ መግቢያዎች ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሰፈሩ፤ ሕጎቹም ተሻሩ። ውሃው እያለቀ መሆኑን ገበሬዎቹ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከሩዝና ከስንዴ ውጭ ሌላ ሰብል ቢዘሩ ግን ዋስትና ያለው ገዢ የላቸውም።

ወደ አርሲ እንመለስ። የተሻሻለ ስንዴና ማዳበሪያ እዚያ በተደራጀ መንገድ የገቡት በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት በኩል ነው። የኩሉምሳ የምርምር ማዕከልም ሥሩ እዚያው ነው። ፕሮጀክቱ የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር፤ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር እስከ መንደሩ ድረስ አቀረበ። ምርቱ ጨመረ። ስንዴ ሲያተርፍ ግን ባለመሬቱ መሬቱን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። ትራክተር አመጣ፣ ጭሰኛውን አስነሳ፣ ራሱ አረሰ። ለዘመናት እኩል ወይም ሲሶ እየከፈለ ያረሰ ቤተሰብ ምርጥ ዘሩ በመጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመሬቱ ተነቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በአደባባይ ከወጣው ሕዝብ ደስታ ጀርባ ይህም ነበር። ዘር የሚሠራው በተዘራበት ሥርዓት ውስጥ ነው፤ መሬቱ የሰው ከሆነ ጥቅሙም ለሰው ይሄዳል።

ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ትምህርት ያመጣው በቆሎ ነው። ቦርሎግ በስተርጅናው ከቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና ከጃፓኑ ሳሳካዋ ጋር ሆኖ ፊቱን ወደ አፍሪካ አዙሮ ነበር፤ ድርጅታቸው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በ1985 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ ገባ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር የሚሰጥበት የኤክስቴንሽን ፓኬጅ በአገር አቀፍ ደረጃ ተስፋፋ። ዝናቡም ረዳ፣ በተከታታይ ጥሩ መኸር ተገኘ። በ1994 ዓ.ም. በቆሎው ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው እስከ 80 በመቶ ወረደ። በቂ መጋዘን አልነበረም፣ ከትርፍ አካባቢ ወደ ጎዶሎ አካባቢ እህል የሚያጓጉዝ የተደራጀ ገበያ አልነበረም፣ የማዳበሪያው ብድር መክፈያ ቀን ደግሞ አጨዳው ላይ ነበር። ገበሬው ርካሽ በቆሎ ሸጦ ውድ ማዳበሪያ ከፈለ፤ ያልበቃው በሬውን ሸጠ። አንዳንዱ ለአጨዳ የሚያወጣውን ገንዘብ እንኳ ስለማያስመልስለት በቆሎውን ማሳ ላይ ተወው። በሚቀጥለው ወቅት ብዙዎች ዘርና ማዳበሪያ ሳይወስዱ ቀሩ፤ በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠየቀ። ይህን ሁሉ ያመጣው ጥሩ ምርት ነው ማለት አልችልም፤ ድርቁ ባይኖር ያ ሁሉ ሰው አይራብም ነበር። ገበያው ግን ገበሬውን ድርቁ ከመድረሱ በፊት ባዶ እጁን አስቀርቶታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመነሻዎቹ አንዱ ይህ ውድቀት ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ በጎጃሙ አዊ ደጋ ላይ የሚታየው ሥራ ሌላ ነው። መንገዱ ዳር የተራገፈው ጆንያ የኖራ ነው። አንድ ሽማግሌ ከጆንያው በሳፋ እየዘገኑ የታረሰ ማሳቸው ላይ ይበትናሉ፤ ነጩ ብናኝ ጋቢያቸውንና ቅንድባቸውን አልብሶታል። ወጣቷ የግብርና ባለሙያ ከኋላ ትከተላለች።

«አባባ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይበትኑት፤ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል።»

«ይህ ሁሉ ለአንዲት ቃዳ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ፤ ለሩብ ሄክታሩ ሰባት ኩንታል። ከዚያ በጥልቀት ያርሱታል።»

«ባቄላው አልነሳ ካለኝ ቆየ። ዳፑን ያው እገዛለሁ፤ የት እንደሚገባ ግን እንጃ።»

የት እንደሚገባ የአፈር ሳይንስ ይመልሳል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃው ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል። ገለባው ለከብትና ለማገዶ ሲነሳ አብሮት የሚወጣው ማዕድን አይመለስም። ዩሪያና ዳፕም በየዓመቱ አፈሩ ውስጥ ሲለወጡ አሲድ ይጨምራሉ። አፈሩ ሲኮመጥጥ አልሙኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ገበሬው በብድር የገዛው ፎስፈረስም ከአልሙኒየሙና ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይታሰራል። ተክሉ አያገኘውም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ወደ 43 በመቶ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው ይባላል። «መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል» የሚለው የገበሬው አባባል ከዚህ የመጣ ነው፤ ማዳበሪያ ካልጨመረ ምንም አያገኝም፣ ቢጨምርም ድሮ የሚያገኘውን አያገኝም። በዚያው በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ብዙ ገበሬ እህሉን ትቶ ደከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሏል፤ በአራት አምስት ዓመት ቆርጦ ለከሰል ይሸጠዋል፣ ቅጠሉና ሥሩ መሬቱን መለስ ስለሚያደርጉለት ቀጥሎ ጤፍ ይዘራበታል። ይህን መላ ማንም አላዘዘውም። ገበሬው ራሱ ያወጣው ስለሆነ ከብዙ ፓኬጅ በላይ ተስፋፍቷል፤ የእህል መሬት በዛፍ መያዙና ከሰሉ የሚያመጣው ጭስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።

ታዲያ ማዳበሪያው ይቅር? ዛሬ የዓለም ግማሽ ያህሉ ሕዝብ የሚመገበው ጀርመናውያኑ ሐበርና ቦሽ ከመቶ ዓመት በፊት ከአየር ናይትሮጅን ማዳበሪያ ለመሥራት ባገኙት ዘዴ ነው። ስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በአንድ ውሳኔ ከለከለች፤ ኅዳር ላይ ክልከላውን አነሳች። በመካከሉ የሩዝ ምርቷ ክፉኛ ወረደ፣ ሻይዋም ተጎዳ፣ ራሷን ትችል የነበረችው አገር ሩዝ ገዛች። አፈር በአንድ ወቅት ፍግ አይጠግብም፤ ፍጉም በአንድ አዋጅ አይገኝም። በሌላ በኩል ማሳ ላይ ከተጨመረው ናይትሮጅን ከግማሽ በላዩ ሰብሉ ውስጥ ሳይገባ ወደ ወንዝና ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ መለካት ያለበት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ የሚለው ሳይሆን ሰብሉ ምን ያህሉን ወሰደ የሚለው ነው። ለኮመጠጠ መሬት አሲዱን የሚያበርደውን ኖራ ሳያደርሱ ዳፕ ማከፋፈል የገበሬውን ገንዘብ ማባከን ነው። ችግሩ ማዳበሪያ ለሄክታር ሁለት ሦስት ኩንታል ሲበቃው ኖራ ከ20 እስከ 40 ኩንታል መፈለጉ ነው። ከደጀን ወይም ከጉደር ተፈጭቶ ክረምት መኪና የማይገባበት ቀበሌ ማን ያድርሰው? በአህያ አይሆንም። የኖራ ጉዳይ ከአፈር ይልቅ የመንገድ ጉዳይ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

የመስኖውን መንገድ በአጭሩ ልለፈው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በቆላው የበጋ ስንዴ ተስፋፍቷል፤ በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን አስታውቋል። እኔን የሚያሳስበኝ መካከለኛው አዋሽ ነው። መልካ ሰዲና አሚባራ አካባቢ በጥጥ ዘመን በቂ የማጠንፈፊያ ቦይ ሳይበጅለት ውሃ የጠጣ መሬት የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጨው ላዩ ላይ አብቦበት የተተወ አለ። ውሃ ማስገቢያውን ቦይ ሁሉም ይመርቀዋል፤ ማውጫው ግን አብሮ ካልተቆፈረ ያው ጨው ይመለሳል።

ምርት ለማሳደግ ከሁሉ ርካሹ መንገድ አንድ ጋት መሬት እንኳ አያርስም፤ ብክነትን መቀነስ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱና በየሱቁ መጣሉን ገምቷል። እኛ ዘንድ ብክነቱ ከሰሃን ይልቅ ከጎተራ ይጀምራል። በቆሎ ጎታ ውስጥ በገባ በጥቂት ወራት ነቀዝ ይበላዋል፤ እናቶች እፍኝ ዘግነው ሲያዩት ፍሬው ሁሉ ተበስቶ ዱቄቱ ከሥር ተከማችቷል። ይህን የፈራ ገበሬ በአጨዳ ሰሞን፣ ዋጋው በወረደበት ጊዜ ይሸጥና ሰኔ ላይ ራሱ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። ሦስት ድርብ ሆኖ የተሠራ አየር የማያስገባ ከረጢት ለዚህ አለ። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ለአደንጓሬ ዓይነት ጥራጥሬ ነበር። አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ጉዳቱ ፕላስቲክ መሆኑና አይጥ ከበሳው ሥራው ማብቃቱ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ጉዳት ያለው መንገድ ሌላ አላውቅም፤ የበጀት ንግግር ውስጥ ግን ከግድብና ከትራክተር ኋላ ነው የሚመጣው።

የዘሩ ጉዳይ ደግሞ አገራችን ለዓለም ያበደረችበት መስክ ነው። ሩሲያዊው ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በደጋው ተዘዋውሮ የስንዴና የገብስ ዓይነቱን ብዛት አይቶ ተደንቋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የተቋቋመው ዘረመል ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ነው። በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ሲደራጅ ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ ዘርን በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ገበሬው እየዘራ ማሳ ላይም ሊቆይ ይገባል ብለው ሠሩ፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ዘር በረሃብ ተበልቶ እንዳያልቅ ከየአካባቢው የሰበሰቡት በባንኩ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ትግራይ ውስጥ ገብስና ስንዴ ቀላቅለው የሚዘሩት ሃንፈጽ ዛሬም አለ። ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ ይደርሳል፣ ቢረዝም ስንዴው ይሞላል፤ ዋግ ስንዴውን ቢያጠቃ ገብሱ በመሃል ያደናቅፈዋል።

ከዲጋሉ ወዲህ በዋጉ በኩል ብዙ ተሠርቷል። የኩሉምሳና የሌሎች ማዕከላት ተመራማሪዎች በየወቅቱ ማሳ ለማሳ ናሙና ይሰበስባሉ። የዋግ ብናኝ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ ሥርዓት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ተዘርግቷል፤ ማስጠንቀቂያው ለልማት ሠራተኛው በስልክ ይደርሳል። ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው ግን መድኃኒቱ በኅብረት ሥራው መጋዘን፣ መርጫውም በቀበሌው ካለ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ኩታ ገጠሙ ነው። ጎረቤታሞች መሬታቸውን አያይዘው አንድ ዝርያ ሲዘሩ ለኮምባይነሩም ለገዢውም ይመቻል፤ ዋጋም ያስገኛል። ለዋጉም ይመቻል። አንድ ኩታ ገጠም አንድ ዝርያ ይዝራ ከተባለ አጠገቡ ያለው ኩታ ገጠም ሌላ የመከላከያ ዘረመል ያለው ዝርያ እንዲዘራ ወረዳው ከዘር ድርጅቱ ጋር ከግንቦት በፊት መስማማት አለበት፤ ለዚህም የሦስት ወይም የአራት ዝርያ ዘር በበቂ መጠን ተባዝቶ መጋዘን ውስጥ መገኘት ይኖርበታል። ዛሬ ገበሬው የሚወስደው የመጣለትን ነው።